ወደ ጓሳ አፋፍ ለሚሄድ ሰው

የሰሜን ሸዋ ደጋ በስተምሥራቅ በኩል ቀስ እያለ ተዳፍቶ አያልቅም፤ ድንገት ተቆርጦ ያልቃል። ከአንኮበር አንሥቶ በጣርማ በር በኩል እስከ መንዝ ጌራ በሚዘልቀው አፋፍ ላይ ሆኖ ወደ ፀሐይ መውጫ የሚመለከት ሰው ከሥሩ የይፋትን ቆላ፣ ከዚያም ባሻገር ወደ አዋሽ የሚወርደውን የአፋርን ሜዳ ያያል፤ ጉም ቆላውን በሸፈነበት ማለዳ ደግሞ የታችኞቹ ተራሮች ጫፋቸው ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ብሎ የሚታይበት ነጭ ባሕር ይገጥመዋል። ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን በመሆኑ ይህን አፋፍ በተለያየ ቦታና በተለያየ ወቅት ለማየት ችያለሁ። ከሁሉም ሩቅ የሆነውና የሰው እጅ ያልበዛበት በመንዝ፣ ጓሳ በሚባለውና ሕዝቡ በሚጠብቀው የደጋ ሣር ምድር ጫፍ የሚገኘው የጓሳው አፋፍ ሲሆን፣ እዚያ ድረስ ብዙ ደክመው ሄደው ከጉም በቀር ምንም ሳያዩ የተመለሱ ወዳጆችም አሉኝ። እነርሱ ዕድላቸውን ያማርራሉ፤ እኔ ግን ነገሩ ከዕድል ይልቅ የሰዓት ጉዳይ እንደሆነ ስለተረዳሁ፣ ጉዞው በሙሉ አፋፉ ላይ ከሚገኙበት ሰዓት ተነሥቶ ወደ ኋላ እየተቆጠረ መታቀድ አለበት እላለሁ።

ጊዜ ለሌለው ሰው ቀረብ ያሉ ቦታዎች አሉ። ጣርማ በር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ስለሆነ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከፈለፈሉት ዋሻ አጠገብ መኪና አቁሞ ቁልቁል መመልከት ይቻላል፤ ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲና ሲወርዱም ለመንገድ የሚሆን ቆሎ አይታጣም። አንኮበር ደግሞ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ራሱ ግሩም መመልከቻ ነው። ሁለቱንም ያየ አይቆጨውም። ይሁን እንጂ በጣርማ በር የከባድ መኪናው ጩኸት፣ በአንኮበርም የታሪኩ ጨዋታ ከገደሉ ጋር ይሻማሉ፤ ጓሳ ላይ ግን ከገደሉ ጋር የሚሻማ ነገር የለም።

ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሮ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይገባል። በማለዳ ከተነሣ በዚያው ቀን ጓሳ መድረስ የሚያቅት ባይሆንም፣ ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት ማደሩን አጥብቄ እመክራለሁ። የከተማዋ ከፍታ 2,800 ሜትር ገደማ ሲሆን የጓሳው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ስለሚደርስ፣ ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ የመጣ ሰውነት በመካከል ዐረፍ ቢል ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ይቀልለታል። ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ፣ ዋሻው ከመድረሱ በፊት በስተግራ በኩል ይገነጠላል። በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ሰው የመንዝ ከተማ ወደሆነችው መሀል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ ተሳፍሮ፣ ጓሳ ላይ እንደሚወርድ ለረዳቱ ገና ሲነሣ መንገር አለበት፤ ሒሳቡ የመሀል ሜዳው ሙሉ ቢሆን አይከራከር፣ መሀል መንገድ ላይ የሚወርድን መንገደኛ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያስከፍሉት። በራሱ ወይም በኮንትራት መኪና የሚሄድ ደግሞ ነዳጁን ደብረ ብርሃን ይሙላ፤ ስኮርታውን በዓይኑ አይቶ፣ ክሪኩም መኖሩን አረጋግጦ ይውጣ። ይህን የምለው በቃል «ሁሉም አለ» ተብሎ ሲፈለግ የታጣበትን መኪና ስለማውቅ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱንና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከመናኸሪያ ሠራተኞችና ከመንዝ ሰዎች መጠየቅ ግድ ነው፤ ያለፈው ወር ወሬ ለዚህ ወር አይሠራም።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ የጠራ ሰማይ የሚበዛበት ነው። ከየካቲት ጀምሮ በልጉ ሲገባ ማለዳው ይቆሽሻል፤ በሐምሌና በነሐሴ ለዕይታ ብሎ መሄድ ገንዘብ መጣል ነው። ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥም ቢሆን ከቀትር በፊት አፋፉ በጉም ሊዋጥ ይችላል። ምክንያቱን በመጽሐፍ ሳይሆን በአንድ እፍኝ ሣር ያስረዱኝ በአካባቢው ስካውትነት፣ ማለትም በጥበቃና በመንገድ መሪነት፣ ያረጁ አንድ የመንዝ ሰው ናቸው። ጎህ ሲቀድ ከአፋፉ ትንሽ ፈቀቅ ብለን እንደተቀመጥን የደረቀ ሣር ነቅለው፣ በመዳፋቸው አሽተው ወደ ገደሉ በተኑት። ሣሩ እየተንሳፈፈ ቁልቁል ወረደ። ካፍታ ቆይታ በኋላ፣ ፀሐይዋ ወጥታ የገደሉን ግድግዳ ማሞቅ ስትጀምር ደግመው በተኑ፤ ሣሩ አየሩ ላይ ቆም አለና ወዲያና ወዲህ ዋለለ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ገና ከእጃቸው ሲወጣ ሽቅብ ተነሥቶ በራሳችን ላይ አልፎ ወደ ኋላችን በረረ።

«ተመለሰ አይደል?» አሉኝ። «እንግዲህ የምታየውን ቶሎ ቶሎ እይ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጉሙ ነው።»

«ምን ያህል ይቆያል፣ አባባ?»

«እንደ ቀኑ ነው። ብቻ ቡናህን ካፈላህ በኋላ ልይ ካልክ የምታየው ጀበናህን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊቱን ደጋው ላይ የቀዘቀዘው ከባድ አየር በገደሉ በኩል ወደ ቆላው ሲወርድ ያድራል። ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የምታርፈው ወደ ምሥራቅ በዞረው ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ያለው አየር ሞቆ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ ከቆላው ይዞት የሚመጣው እርጥበትም ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ከግማሽ ያህል እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ፣ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ እስከ አፋፉ ያለው የከፍታ ልዩነትም 2,000 ሜትር ገደማ መሆኑን ለሚያስብ ሰው፣ ከታች ጥርት ያለ የሚመስለው አየር ከላይ ሲደርስ ጉም መሆኑ አይገርመውም። ስለዚህ በቀዳሚው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሳ ገብቶ፣ እዚያው አድሮ፣ ጎህ ሳይቀድ በባትሪ ወደ አፋፉ መሄድ እንጂ፣ ከደብረ ብርሃን ጠዋት ተነሥቶ ለእኩለ ቀን መድረስ ለጉሙ ቀጠሮ እንደ መስጠት ነው።

ፀሐይ በምትወጣበት ቅጽበት ዓይን ፊት ለፊት ማየት ስለማይችል፣ ከመውጣቷ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ከመውጫዋ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ፎቶ የሚያነሣም ሰው ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ካሜራውን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አዙሮ የገደሉን ግድግዳ በርዝመቱ ቢያነሣ ይሻለዋል። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከተገፈፈ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል አለ። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጀርባ ስለሚመጣ የደጋው ጥላ በቆላው ላይ ይወድቅና መንደሮቹን በየተራ እያጨለመ ወደ አፋር ሲራመድ ይታያል። ብዙ ተመልካች ማለዳውን ብቻ አይቶ ስለሚሄድ ይህ ያመልጠዋል።

ስለ አፋፉ አደጋ ያለ ማለባበስ መናገር ያስፈልጋል። አጥር የለም፤ የማስጠንቀቂያ ምልክትም አላየሁም። የጓሳ ሣር በገደሉ ጫፍ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ወደ ውጭ ስለሚያድግ፣ መሬቱ የሚያልቅበትና ሣሩ የሚያልቅበት ቦታ አንድ አይደለም፤ ጠንካራ የሚመስለው ጫፍ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ወይም ጤዛ ስለሚኖር የከተማ ጫማ ያንሸራትታል። ድንጋዩም አስተማማኝ አይደለም፤ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ጥቁር ድንጋይ በብዙ ቦታ ተሰነጣጥቆ የቆመ ስለሆነ መደገፍም ሆነ መርገጥ በጥንቃቄ ነው። እኔ የያዝኩት ልማድ ከጫፉ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ ቁጭ ብዬ በመቀመጫዬ መጠጋት፣ ከዚያም ቋጥኝ ባለበት ቦታ ብቻ ማረፍ ነው። ሽማግሌው ገና በመጀመሪያው ጠዋት «ልጄ፣ ቁጭ በል፤ ገደል ተቀምጠው ነው የሚያዩት» ብለውኛል። ልጆችን ይዞ የሚሄድ ሰው እጃቸውን ይያዝ፤ ነፋሱ ድንገት ሲነሣ ባርኔጣ ለመያዝ ብሎ መሮጥ ለትልቅ ሰውም አይበጅ።

ጉሙ ሳይታሰብ ቢይዝዎት ደግሞ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጫፉ ራቅ ወዳለ ሜዳ፣ በመጡበት በኩል ጥቂት እርምጃ ተመልሶ መቀመጥ። «ውሃውን ተከትዬ እወርዳለሁ» የሚል ሐሳብ በሌላ ተራራ ቢያዋጣ እንኳ እዚህ አያዋጣም፤ ቦታው የውሃ መከፈያ በመሆኑ ምንጩ ወደ መንዝ ሜዳ ይሁን ወደ ገደሉ የሚወርደው በጉም ውስጥ አይለይም። ስካውት ይዞ መሄድ ደንቡ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ሲባል አስፈላጊ ነው። በአካባቢው ያደገ ሰው የሣሩን ዓይነትና የከብቱን ዱካ እያየ አቅጣጫውን ሲያውቅ፣ የእኛ ስልክ ግን ብዙውን ጊዜ ኔትወርክ ፍለጋ ባትሪውን ሲጨርስ ነው የሚውለው።

የውሃ መከፈያ ያልኩት ነገር አፋፉ ላይ ሆኖ ሲታሰብ ከዕይታው ያላነሰ ያስደንቃል። ከተቀመጡበት ቦታ በስተምዕራብ የሚወርደው ዝናብ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ገብቶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። በስተምሥራቅ የወረደው ደግሞ በይፋት ወንዞች በኩል አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከዚያ ሐይቅ ወደ ሰሜን ያለው የአፋር ምድር ራሱ በአንድ ወቅት ቀይ ባሕር እየገባበት ይወጣ የነበረ ነው፤ በደናክል፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ስፍራ የሚቆረጠው የአሞሌ ጨው የተረፈው ከዚያ ዘመን ነው። ምድሪቱ ዛሬም እየተለያየች ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ደባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራርቋል። የሥነ ምድር ምሁራን ይህ ስምጥ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ውቅያኖስ ሊሆን እንደሚችል ይናገራሉ፤ ያ ቢሆን የጓሳው አፋፍ የባሕር ዳርቻ ገደል ይሆናል ማለት ነው። ባሕር የሌላት አገር ሰው በመሆኔ ይሁን አላውቅም፣ ይህን ካወቅሁ በኋላ ነጩን ጉም የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ከአፋፉ ላይ ቸኩሎ የማይነሣ ሰው ጭላዳዎቹን በቅርብ ያያል። ጭላዳ ሌሊቱን ነብርና ጅብ በማይደርሱበት የገደሉ እርከን ላይ ያድርና ፀሐይዋ ስትሞቅ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ የሚታየው ከጫፉ ብቅ የሚል ራስ ነው፤ ከዚያ ደረቱ ላይ ቀይ ገላ ያለውና ፀጉሩ እስከ ትከሻው የሚወርደው ወንዱ፣ ቀጥሎ እናቶቹ ከነግልገሎቻቸው ይከተላሉ። ዝም ብለው ከተቀመጡ ጥቂት ሜትሮች ድረስ ቀርበው፣ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ፣ ሣሩን በጣታቸው ቆርጥ ቆርጥ እያደረጉ ይግጣሉ፤ ድምፁ በግልጽ ይሰማል። ዳቦም ሆነ ቆሎ መስጠት ክልክል ነው፤ በሌላ ቦታ ምግብ የለመዱት ምን ያህል ደፋር እንደሚሆኑ ያየ ሰው ክልከላውን አይነቅፍም። አንኮበርን በሳይንሳዊ ስሟ የያዘችውና ከኢትዮጵያ ውጪ የማትገኘው ትንሿ ዝንጉርጉር ቡናማ ወፍም በእንዲህ ያለው የገደል አፍ ላይ ነው የምትፈለገው፤ እኔ ግን ከሌሎቹ ድንቢጥ መሰል ወፎች ለይቼ አየኋት ለማለት አልደፍርም። ቀይ ቀበሮ ከአፋፉ ይልቅ ወደ ውስጥ፣ አይጥ በሚበዛበት ሜዳ ላይ፣ ብቻውን ሲያደፍጥ ይታያል። በአገሪቱ በሙሉ ያለው ቁጥር ከ500 የማያልፍ በመሆኑና ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ስለሚፈጀው፣ ውሻ ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይገባም።

ይህ ሁሉ ተጠብቆ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ሲያስተዳድር ኖሯል፤ ሣሩ ለዓመታት ይከለከልና በሽማግሌዎች ውሳኔ ሲከፈት ባለ መብቱ ሁሉ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና እረኛ ከዝናብ ለሚጠለልበት ገሳ ያጭዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የባለርስትነቱን መሠረት ሲያፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ተናጋ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ ጥበቃውን በራሱ ኮሚቴ መልሶ አቋቁሞታል። የመግቢያውና የስካውቱ ክፍያ ለዚህ ነውና ሳይከራከሩ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል ተገቢ ነው። ማጨጃ ጊዜ ካልሆነ ሣሩን ለፍራሽ ብሎ ማጨድም፣ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ለእሳት መቁረጥም አይፈቀድም።

ስለ ብርዱ አጭር ቃል ይበቃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጋቢ ብቻውን አይበቃም። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ማደሪያና የድንኳን ቦታ ቢኖርም ሁሉም ነገር ተሟልቶ ይጠብቀኛል ብሎ መሄድ አይገባም። ከደብረ ብርሃን ወይም ከመንዝ ገበያ የሚገዛ የበግ ጸጉር ባና፣ ውድ ከሆነው የውጭ አገር የመኝታ ከረጢት ጋር ተወዳድሮ አላሳፈረኝም። ምግብ እዚያ ስለማይሸጥ ተይዞ ይኬዳል። በዚያ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ እሳት ጨርሰው እንኳ አይበስሉም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ ይሻላሉ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ አረቄ «ያሞቃል» ተብሎ ቢቀርብ በትሕትና ማለፍ ነው፤ ሙቀቱ ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን ራስ ምታቱ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ራስ ምታቱ በዕረፍትና በውሃ ካልቀለለ ወይም ትንፋሽ እየቆረጠ ከሄደ ዕይታውን ትቶ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ይገባል።

ለመመለስ የሚያስቸግረው የመኪና ጉዳይ ነው። ከመሀል ሜዳ የሚነሡት መኪኖች የሚበዙት በማለዳ ሲሆን ጓሳ የሚደርሱትም ሞልተው ነው፤ ሰዓቱም አፋፉ ላይ መሆን ከሚገባዎት ሰዓት ጋር ይጋጫል። እኔ የማደርገው ሁለተኛውን ማለዳም አፋፉ ላይ አሳልፌ፣ ከቀትር በኋላ ወደ መሀል ሜዳ በሚያልፍ መኪና ሄጄ ማደር፣ ማታውኑ መናኸሪያ ሄጄ ከረዳቶቹ ጋር ለነገ ቦታ መነጋገርና በማግሥቱ ከመነሻው ተሳፍሮ መመለስ ነው። ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ገበያ ከሆነ ወንበሩን ጤፍና በግ ስለሚሻማዎት፣ የገበያውን ቀን አስቀድሞ መጠየቅ አይዘንጋ።